ደሴ ጤነኛ፣ ኮምቦልቻ በሽተኛ፦ ባለ ሁለት ካርድ ማሽኔ ድራይቨር እየጣለ አስቸገረኝ

ቦርከና ጌም ቤት · ኮምቦልቻ · ሰኞ ማታ 3፡20

ጀመዓ እንዴት አመሻችሁ። ፀጉሬን ልነጭ ነውና እርዱኝ።

እዚህ ኮምቦልቻ ትንሽ ጌም ቤት አለችኝ። አራት ፕሌስቴሽንና አንድ ኮምፒውተር። ኮምፒውተሩን የገዛሁት ልጆቹ "ፒሲ የለህም እንዴ?" እያሉ ሲያሰለቹኝ ነው። ያገለገለ ነው። ውስጡ ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ የሚባል የግራፊክስ ካርድ ሁለት ተደርድሮበታል። ለማሽኑ መብራት የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ፓወር ሳፕላዩ ላይ፣ 1000 ዋት የሚል በትልቁ ተጽፏል። ራም 16፣ ዊንዶውስ 10።

መጀመሪያ የተቀመጠው ደሴ፣ ሆጤ፣ ታላቅ ወንድሜ ቤት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ እሱና ልጆቹ ሲጫወቱበት ኮሽ አላለም። ከዚያ በጋቢ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ የሀረጎን ቁልቁለት አወረድኩት። ረዳቱ የሁለት ሰው አስከፈለኝ፣ እሱን ተዉት።

እዚህ ከደረሰ ወዲህ ግን አበደ። ጨዋታ በተጀመረ በ15፣ በ20 ደቂቃ ስክሪኑ ድርግም ይላል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ይመለሳል፣ ጌሙ ግን ተዘግቷል። የግራፊክስ ድራይቨሩ፣ ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር ማለት ነው፣ ወድቋል የሚል ሳጥን ብቻ ይቀራል። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ ማሽኑ ራሱ ጠፍቶ ይነሳል።

ሦስት ዓይነት ድራይቨር ቀያየርኩ። ሁለት ጊዜ ፎርማት አደረግኩ። አቧራውን አራገፍኩ። ለውጥ የለም። ትናንት አንዱ ልጅ ሊያሸንፍ ሲል ጠፋበትና "ሃያ ብሬን ከነሞራሌ መልስ" አለኝ።

ፒያሳ 24 · ደሴ · 3፡31

አየሩ ነዋ! ደሴ ብርድ ነው፣ ኮምቦልቻ እሳት ነው። ማሽኑ አገሩ ናፍቆታል። ጋቢውን አልብሰህ መልሰህ ሀረጎን አውጣው።

ሰማያዊ ስክሪን · አዲስ አበባ · 3፡44

ቀልዱን እናቆየውና፣ ፎርማት ማድረግ ብቻውን አይበቃም። ዊንዶውስ ገና ኢንተርኔት ሲያሸት የመሰለውን ድራይቨር ከጀርባ ይጭናል። አንተ ደግሞ በላዩ ላይ የራስህን ትጭናለህ።

ድራይቨሩን አስቀድመህ አውርድ። ከዚያ ኢንተርኔቱን ንቀል። ሴፍ ሞድ ግባና ዲዲዩ በሚባለው ማጽጃ የቀድሞውን ጠራርገህ አውጣ። ሲነሳ ያወረድከውን፣ ክሊን ኢንስታሌሽን የሚለው ላይ ምልክት አድርገህ ጫን። ኢንተርኔቱን መጨረሻ ላይ ትመልሳለህ።

የግድ የመጨረሻው ይሁን ብለህ ደግሞ አትጨነቅ። 1080 ቲአይ በፈረንጆቹ 2017 የወጣ ካርድ ነው። የዛሬ ድራይቨር ለእሱ የሚጨምርለት ብዙም የለም።

ሌሊት ወፍ · ኮምቦልቻ · 4፡02

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሬጅስትሪ፣ የዊንዶውስ ቅንብር የሚቀመጥበት ውስጥ ግባና ቲዲአር ዲሌይ የሚለውን ከ2 ወደ 10 አድርገው። እኔ እንደዚያ አድርጌ ተገላግያለሁ።

የኪዮት ተማሪ · ኮምቦልቻ · 4፡15

ሌሊት ወፍ፣ ተገላገልክ ወይስ ለመድከው?

ባለ ጌም ቤቱ እንዲገባው ልንገረው። ዊንዶውስ ለካርዱ ሥራ ይሰጠዋል። ካርዱ በ2 ሰከንድ ውስጥ መልስ ካልሰጠ "ይሄ ሞቷል" ብሎ ድራይቨሩን ዘግቶ እንደገና ያስነሳዋል። ከቪስታ ጀምሮ ያለ አሠራር ነው። ስክሪኑ ጠቁሮ የሚመለሰው ለዚህ ነው። 2ን 10 ስታደርገው የታመመው ካርድ አይድንም። ልጁ 10 ሰከንድ የደረቀ ምስል ሲያይ ይቆያል፣ ከዚያ ያው ይወድቃል። አንድ ከባድ ስሌት በእውነት ከ2 ሰከንድ በላይ ለሚፈጅበት ሰው ይጠቅም ይሆናል። ለኳስ ጌም ግን አይደለም።

ድራይቨሩ የዕድር ጡሩምባ ነፊ ነው። ሰው ሞተ ብሎ ይነፋል እንጂ ገዳዩ እሱ አይደለም።

ቦርከና ጌም ቤት · ማክሰኞ ጠዋት 4፡50

ሰማያዊ ስክሪን እንዳልከው አደረግኩ። ኢንተርኔት ነቅዬ፣ ሴፍ ሞድ ገብቼ፣ ጠራርጌ። 17 ደቂቃ ሠራና ያው ወደቀ። ግን ቢያንስ አሁን ድራይቨር የመቀያየር አምሮቴ ወጥቶልኛል።

ራዲዮ ጠጋኙ · ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ · ማክሰኞ 6፡10

ልጄ፣ እኔ ከራዲዮና ከቴፕ ጀምሬ ነው ወደ ኮምፒውተር የመጣሁት። ጽሑፍህን ሁለቴ አነበብኩት። አንተ እንደ አንድ በሽታ ነው የነገርከን፣ እኔ ግን ሁለት አያለሁ።

ስክሪን ጠቁሮ መመለስ አንድ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ መነሳት ሌላ ነው። የመጀመሪያው የካርድና የድራይቨር ወሬ ነው። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ወሬ ነው። አንድ ላይ ስለመጡብህ አንድ መሰሉህ። ጉንፋንም የጥርስ ሕመምም የያዘው ሰው "ራሴን አመመኝ" እንደሚለው ማለት ነው።

ኢቨንት ቪወር የሚባለውን የዊንዶውስ መዝገብ ክፈት። ሲስተም የሚለው ውስጥ ቁጥር 4101 ስንት ጊዜ አለ? ቁጥር 41ስ? የመጀመሪያው የድራይቨር መውደቅ ነው። ሁለተኛው ኮምፒውተሩ በአግባቡ ሳይዘጋ ጨለመ ማለት ነው። ሰዓታቸውን ወረቀት ላይ ጻፈው። ወረቀት ላይ አልኩ፣ በቃልህ አትያዘው።

ቦርከና ጌም ቤት · ማክሰኞ 8፡30

ጋሼ እጅዎ ይባረክ። እውነትዎን ነው። 4101 አሥራ አራት ጊዜ። 41 ሦስት ጊዜ ብቻ። የአንዱ ሰዓት ከሌላው አይገጥምም። ጽፌዋለሁ፣ በልጆቹ የሂሳብ ደብተር ጀርባ ላይ።

ፒያሳ 24 · ደሴ · 8፡41

እኔ አሁንም ሙቀቱ ነው ባይ ነኝ። እዚህ ደሴ በግንቦት እንኳ ማታ ሹራብ እንለብሳለን። ማሽን ሰው ነው።

የኪዮት ተማሪ · ኮምቦልቻ · 9፡25

ፒያሳ፣ ነገሩ አንተ እንዳሰብከው ቀላል አይደለም። ደሴ ከፍታዋ ወደ 2500 ሜትር ነው። ኮምቦልቻ 1850 አካባቢ። ስለዚህ የደሴ አየር ስስ ነው፣ ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ያንሳል። የኮምቦልቻው ወፍራም ነው፣ ግን ሞቃት ነው።

ስሌት ሠራሁበት፣ ክላስ ሰለቸኝ መሰለኝ። ደሴ በ15 ዲግሪ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር 900 ግራም ገደማ ይመዝናል። ኮምቦልቻ በ27 ዲግሪ 940 ግራም ገደማ። ከፍታውና ሙቀቱ ተጣጥተው ቀሩ ማለት ነው። የቀረው ልዩነት የመነሻ ሙቀቱ ነው፣ 12 ዲግሪ። እዚያ 75 ላይ የሚሠራ ካርድ እዚህ 87 ላይ ይሠራል ብለህ ያዘው።

ግን ስሙኝ። 1080 ቲአይ 84 ሲደርስ ራሱን ማቀዝቀዝ ይጀምራል፣ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጣሪያው 91 ነው። ጤነኛ ካርድ ሲሞቀው ይዘገያል እንጂ አይሞትም። ባለ ጌም ቤቱ፣ አፍተርበርነር የሚባለውን የካርድ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ጫንና የሁለቱንም ሙቀት ለየብቻ ንገረን።

ቦርከና ጌም ቤት · ማክሰኞ ማታ 2፡15

ላይኛው 87። ታችኛው 72። ሊወድቅ ሲል ያየሁት ነው።

የኬዙን ጎን ከፍቼ የክፍሉን ቬንትሌተር ፊቱ ደቀንኩበት። ላይኛው 78 ወረደ። 40 ደቂቃ ቆየና ወደቀ። ዘገየ እንጂ አልቀረም።

ሰማያዊ ስክሪን · አዲስ አበባ · 2፡30

ላይኛው መሞቁ ያለ ነው። አፍንጫው ታችኛው ካርድ ጀርባ ላይ ተደፍኖ የታችኛውን ትንፋሽ ነው የሚስበው። ሁለት ካርድ ተጠጋግቶ ሲቀመጥ ሁሌም እንዲህ ነው።

ራዲዮ ጠጋኙ · ደሴ · 2፡48

ቆይ ልጄ፣ ሦስቱን 41 እንያቸው። ስንት ስንት ሰዓት ላይ ናቸው? በዚያ ሰዓት ሰፈሩ ውስጥ ምን ነበር?

ቦርከና ጌም ቤት · 3፡05

አላህን! እንዴት አወቁ? ጎረቤቴ ወፍጮ ቤት ነው። ሁለቱ ልክ ወፍጮው የሚነሳበት ሰዓት ላይ ናቸው። ወፍጮው ሲነሳ አምፖሉ ደብዘዝ ይላል፣ ስታብላይዘሩ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሦስተኛው ማታ ነው፣ እሱን አላውቅም።

ራዲዮ ጠጋኙ · ደሴ · 3፡22

አላወቅኩም፣ ጠየቅኩ እንጂ።

ሞተር ሲነሳ ብዙ ጅረት ስለሚስብ ቮልቴጁ ይወርዳል። ስታብላይዘርህ ያንን ሊያቃና ሪሌውን ይቀይራል፤ ያቺ ቀጭ የምትለው ናት። በዚያች ቅጽበት ወደ ማሽኑ የሚሄደው መብራት ይቋረጣል። ደህና ፓወር ሳፕላይ ሙሉ ጭነት ላይ ሆኖ 16 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይታገሳል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ አንድ ዙሩ 20 ሚሊ ሰከንድ ነው። አንድ ሙሉ ዙር እንኳ አያስችልም ማለት ነው። ደካማው ደግሞ ያንንም አይችል።

አሁን ማሽኑን ንቀልና የፓወር ሳፕላዩን ጎን ፎቶ አንሳ። በትልቁ የተጻፈውን አይደለም፣ ትንሿን ሠንጠረዥ። ገመዶቹ ካርዱ ላይ የሚሰኩበትንም አንሳልኝ።

ቦርከና ጌም ቤት · 3፡50

ፎቶ አልሰቀልልህ አለኝ፣ ኔትወርኩ ደካማ ነው። በጽሑፍ ልንገራችሁ። ሠንጠረዡ ላይ 12 ቮልት የሚለው ሥር 48 አምፔር ይላል።

ላይኛው ካርድ ከፓወር ሳፕላዩ በቀጥታ በሚመጣ ገመድ ነው የተሰካው። ታችኛው ግን በሞሌክስ መቀየሪያ ነው፣ ባለ አራት ቀዳዳ ነጩ። ነጭ ነበር ማለቴ ነው። አንዱ ጥግ ቡናማ ሆኗል። ሲሸተት የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል።

ራዲዮ ጠጋኙ · ደሴ · 3፡54

አጥፋው። ከሶኬት ንቀለው። ዛሬ ማታ እንዳታበራው።

የኪዮት ተማሪ · ኮምቦልቻ · 4፡10

12 ሲባዛ በ48፣ 576። 1000 ዋት የሚለው ቀለም ነው ጓዶች። ካርዶቹ እየራሳቸው 250 ይበላሉ፣ ሁለቱ 500። ፕሮሰሰሩ 90 ቢበላ 590 ገባን። ያውም ካርድ ለሚሊ ሰከንዶች ከተጻፈበት በላይ ዘሎ የሚስብበት ጊዜ አለ። ማዘርቦርዱ፣ ዲስኩ፣ ፋኑ አልተቆጠረም።

ሞሌክሱ ደግሞ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም። ባለ 8 ፒኑ ሶኬት ብቻውን 150 ዋት ድረስ ይስባል፣ ባለ 6ቱ 75። ያንን በቀጭን የዲስክ ገመድ ማሳለፍ የባጃጅ ጎማ ለአይሱዙ መግጠም ነው።

ሌሊት ወፍ · ኮምቦልቻ · 4፡18

ስለዚህ ፓወር ሳፕላይ ቀይር። ጉዳዩ አለቀ።

ፒያሳ 24 · ደሴ · 4፡25

አልተዋጠልኝም። ያው ፓወር ሳፕላይ፣ ያው ሞሌክስ ደሴ ሁለት ሳምንት ሠርቷል። እዚያ ለምን አልወደቀም? መልስ ስጡኝና ዝም እላለሁ።

የኪዮት ተማሪ · ኮምቦልቻ · 4፡40

ፒያሳ የመጀመሪያውን ቁም ነገር ተናገረ። እኔም እሱ ነው የሚከነክነኝ።

ባለ ጌም ቤቱ፣ ደሴ እያለ ኤስኤልአይ፣ ሁለቱን ካርዶች ባንድ ላይ የሚያሠራው፣ በርቶ ነበር? ሁለቱን ካርዶች የምታያይዘው ብሪጅ ተገጥማ ነበር?

ቦርከና ጌም ቤት · ረቡዕ ጠዋት 2፡40

ወንድሜን ደወልኩለት። "ያቺ ጥቁር እንደ ማበጠሪያ ያለችው ነገር? ካርቶኑ ውስጥ ናት ብዬህ የለ" አለኝ።

እኔ ነኝ የገጠምኳት። እዚህ እንዳመጣሁት ቪዲዮ አይቼ ሰካኋት፣ ኤስኤልአዩንም አበራሁት። ፍጥነት ይጨምራል ብሎ ሰውዬው በቪዲዮ ሲምል ሰምቼ። ረስቼው ነበር።

ፒያሳ 24 · ደሴ · 2፡44

😂😂 እኛ ስለ አየር ክብደት እንከራከራለን!

የኪዮት ተማሪ · 2፡51

የኔ 940 ግራም በከንቱ ቀረ።

ራዲዮ ጠጋኙ · ደሴ · 3፡15

አልሳቅኩም፣ ደስ ብሎኛል። ደሴ ሁለት ሳምንት የተፈተነው ላይኛው ካርድ ብቻ ነው። ታችኛው ተሰክቶ ተኝቶ ነበር፣ ሥራ የጀመረው ኮምቦልቻ ነው። እንግዲህ "ደሴ ሠርቷል" የሚለው ወሬ ታችኛውን ካርድ አይመለከተውም።

አሁን እንዲህ ታደርጋለህ። ብሪጇን አውጣ። ታችኛውን ካርድ ነቅለህ ጋዜጣ ላይ አስቀምጥ። ላይኛውን በራሱ ቀጥታ ገመድ ብቻ ፈትን፣ ሦስት ሰዓት። ከዚያ እሱን አውጣና ሌላኛውን እዚያው ቦታ፣ በዚያው ገመድ፣ በዚያው ድራይቨር፣ በዚያው ጌም ፈትን። ሌላ ምንም ነገር አትንካ። ሁለት ነገር ባንዴ ከለወጥክ የቱ እንደሠራ አታውቅም።

ካርዶቹ ስለሚመሳሰሉ በእስክሪብቶ "ሀ" እና "ለ" ብለህ ጻፍባቸው። ስትነቅል መጨረሻው ላይ ያለችውን መያዣ ተጫን፣ ካልተጫንክ ትሰበራለች። ብሎኑን ስትፈታ ካቻቢቴህ ማዘርቦርዱ ላይ እንዳይወድቅ።

ቦርከና ጌም ቤት · ረቡዕ ማታ 1፡30

ውጤት።

"ሀ" ብቻውን፣ ከ7 እስከ 10 ሰዓት። አልወደቀም። ሙቀቱ 74። ወፍጮው ሁለቴ ተነሳ፣ ስታብላይዘሩ ቀጭ አለ፣ ማሽኑ ዓይኑን አላሸም።

"ለ" ብቻውን፣ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ገመድ። 11 ደቂቃ። ዱብ። ሙቀቱ ገና 69 ነበር።

አንድ የረሳሁትም አለ። ሲጫወት የነበረው ልጅ ሊወድቅ ሲል "ጋሽዬ፣ ቲቪው ኩፍኝ ወጣበት" አለኝ። ዞር ብዬ ሳይ ሣሩ ላይ ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣብ ሞልቷል። ለካ ድሮም ነበር፣ ልጆቹ ያዩታል፣ እኔ ነኝ ያላየሁት።

ሰማያዊ ስክሪን · አዲስ አበባ · 1፡42

ኩፍኙ ሜሞሪ ነው። የካርዱ ሜሞሪ ሲሳሳት እንዲህ ነጠብጣብ ወይም አራት ማዕዘን ሽንትርትር ይመጣል። 69 የምትለው ደግሞ የዋናው ቺፕ ሙቀት ነው። ይሄ ካርድ የሜሞሪውን ሙቀት አያሳይም። ዋናው 69 ሆኖ ሜሞሪው እየተጠበሰ ሊሆን ይችላል።

አፍተርበርነር ላይ ሜሞሪ ክሎክ የሚለውን፣ የሜሞሪውን ፍጥነት፣ ወደ ግራ ሳብ፣ 500 ቀንስ። ከዚያ ፈትን። ካልወደቀ ሜሞሪው ነው።

ቦርከና ጌም ቤት · ረቡዕ ማታ 4፡20

500 ቀነስኩ። ሁለት ሰዓት አለፈው። ኩፍኙም የለም። ወላሂ ልስምህ ነው።

ማለት ለስንት ቀን ድራይቨር ስጭንና ስነቅል የከረምኩት ለዚህ ነው? ሻጩን ደውዬ ነበር፣ "እኔ ስሸጥልህ ይሠራል" አለኝ። ልክ ነው፣ ይሠራል፣ 11 ደቂቃ።

ራዲዮ ጠጋኙ · ደሴ · ሐሙስ ጠዋት 3፡00

"ለ"ን ላክልኝ፣ ልክፈተው። በጋቢ ሳይሆን በካርቶን።

ቦርከና ጌም ቤት · ሐሙስ 3፡08

ዛሬውኑ በአምስት ሰዓቱ ሚኒባስ ይደርስዎታል። የአንድ ሰው ከፍዬለታለሁ።

ራዲዮ ጠጋኙ · ደሴ · ዓርብ ማታ 2፡10

ካርዱን ከፈትኩት። እንደዚህ ነው።

ከመክፈቴ በፊት ብሎኖቹን አየሁ። የሁለቱ ራስ ተልጧል። እኔ የመጀመሪያው ሰው አይደለሁም ማለት ነው።

ዋናው ቺፕ ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት አዲስ ነው፣ በደንብ ተቀብቷል። ለዚህ ነው 69 የሚያሳየው። የከፈተው ሰው ፔስቱን ሲቀይር ሜሞሪዎቹ ላይ የሚለጠፉትን ስፖንጅ መሳይ ፓዶችም ቀይሯቸዋል፣ ግን በቀጫጭን። ካርዱ 11 የሜሞሪ ቺፕ አለው። የ12ኛው ቦታ ባዶ ነው፣ እሱ ጥፋት አይደለም፣ ፋብሪካው ራሱ የተወው ነው። ከ11ዱ ሰባቱ ላይ ፓዱ የቺፑን ቅርጽ እንደ ማኅተም ይዟል። አራቱ ላይ ግን ገጹ ልሙጥ ነው፣ ትናንት ከፕላስቲኩ የተላጠ ይመስላል። የማቀዝቀዣው ብረት ነክቶት አያውቅም። እነዚያ አራቱ ያለ ጥላ ፀሐይ ላይ የቆሙ ናቸው።

ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሰው ካለ፣ ፓድ ስትገዙ ውፍረቱን ጠይቁ። የወጣውን አሮጌ በማስመሪያ ለኩ። ከቀጠነ አይነካም። ከወፈረ ደግሞ ማቀዝቀዣውን ገፍቶ ዋናውን ቺፕ እንዳይነካ ያደርገዋል፣ የባሰ ነው። እኔ የምፈትነው እንዲህ ነው። ገጥሜ አጥብቄ መልሼ እከፍታለሁ። ሁሉም ላይ ማኅተሙ ካለ እዘጋዋለሁ።

የመሰኪያውን የወርቅ ጥርሶች በላጲስ ጠርጌ በአልኮል አጸዳሁት። ትክክለኛውን ፓድ ከአዲስ አበባ በሰው አዝዣለሁ።

ካቻቢቴ · ኮምቦልቻ · ዓርብ 2፡35

ጋሼ፣ ምጣድ ውስጥ ማስገባትስ? ቪዲዮ ላይ ካርድ በኦቭን ሲጋግሩ አይቻለሁ።

ራዲዮ ጠጋኙ · ደሴ · 2፡41

ዳቦ ነው እንዴ?

ቦርከና ጌም ቤት · ማክሰኞ ማታ 2፡00

ካርዱ ተመልሶ መጣ። ጋሼ እንደነገሩኝ የሜሞሪውን ፍጥነት ወደ ቦታው መልሼ ፈተንኩት። አንድ ሰዓት ሠርቶ ሁለት ነጠብጣብ አሳየኝ፣ ግን አልወደቀም። 200 ስቀንስለት ከእሁድ ጀምሮ ንጹሕ ነው። ፓወር ሊሚቱንም፣ ካርዱ የሚስበውን የኃይል ጣሪያ፣ 80 በመቶ ላይ አድርጌዋለሁ። ልጆቹ ልዩነቱን አላወቁትም።

ጋሼ "እነዚያ አራቱ ቺፖች ቀድመው ተጎድተዋል፣ ሙሉ ጤና አይመለስላቸውም" ብለውኛል። ለድካማቸው የጠየቁት ዋጋ ግን አሳፈረኝ። ጨምሬ ብልክ መለሱልኝ።

አሁን ጥያቄዬ፣ ደህና ትልቅ ፓወር ሳፕላይ ገዝቼ ሁለቱን መልሼ ላያይዛቸው?

የኪዮት ተማሪ · ኮምቦልቻ · 2፡20

ለምን? አምራቹ ከፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ለእነዚህ ካርዶች አዲስ የኤስኤልአይ ፕሮፋይል፣ ጌሙ ሁለቱን ካርድ እንዲጠቀም የሚያደርገውን ቅንብር፣ ማውጣት አቁሟል። ከዚያ ወዲህ የወጣ ጌም ሠሪው ራሱ ካልደከመበት ሁለተኛውን ካርድ ዞር ብሎም አያየውም። ሜሞሪውም አይደመርም። 11 ጊጋ እና 11 ጊጋ፣ 11 ጊጋ ነው፣ ያው ነገር ሁለቱም ላይ ይገለበጣል። የቲቪህ የምስል ጥራት ደግሞ 1080 ነው። አንዱ ካርድ ብቻውን ይተርፈዋል።

ደሞ የኤሌክትሪክ ሒሳቡን አንተ ነህ የምትከፍለው።

ሌሊት ወፍ · ኮምቦልቻ · 2፡33

ሁለት ካርድ ያለው ሰው ሁለት ማሽን ነው ያለው። አንዱ በሰዓት የሚያስገባልህን ሁለቱ እጥፍ ያስገቡልሃል። ይሄን ለማወቅ ኪዮት መግባት አያስፈልግም።

ቦርከና ጌም ቤት · 2፡50

ሌሊት ወፍ ዛሬ ቀናህ! ወንድሜ ቤት አሮጌ ማሽን አለ፣ ማዘርቦርዱ ይሠራል። "ለ"ን እሱ ላይ እተክለዋለሁ።

ፓወር ሳፕላዩስ?

ሰማያዊ ስክሪን · አዲስ አበባ · 3፡02

ለአንድ 1080 ቲአይ አምራቹ የሚለው 600 ዋት ነው። እውነተኛ 650 ውሰድ። ሱቅ ስትገባ ትልቁን ጽሑፍ በእጅህ ሸፍነውና ሠንጠረዡን አንብብ። 12 ቮልት ሥር ያለውን አምፔር በ12 አባዛ። 600 ካልሞላ አስቀምጠህ ውጣ። ካርዱ የሚሰካባቸው ገመዶችም ከራሱ የሚወጡ ይሁኑ፣ መቀየሪያ የለም።

ያንን 576ቱን ለ"ሀ" ማሽን ለጊዜው ልትጠቀምበት ትችላለህ፣ በቀጥታ ገመዱ። ግን አትመነው፣ ብር ስታገኝ ቀይረው።

ራዲዮ ጠጋኙ · ደሴ · 3፡15

ስታብላይዘሩንም አትጣለው። ቀጭ ይላል ብለህ ቀጥታ ግድግዳ ላይ ብትሰካ አንድ ቀን ቮልቴጁ ወደ ላይ ሲመጣ ሁሉንም ያነደዋል። ደህና ዩፒኤስ፣ መብራት ሲቋረጥ በባትሪ የሚይዝልህን፣ እስክትገዛ ድረስ ይኑር። የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ ደግሞ ከማስነሳቱ በፊት ግድግዳውን አንኳኳልኝ በለው።

ቦርከና ጌም ቤት · ቅዳሜ ማታ 1፡45

ሁለቱም ማሽኖች ቆመዋል። "ሀ" በር አጠገብ፣ "ለ" ውስጥ። አራተኛ ቀናቸው ነው። ኢቨንት ቪወር ላይ 4101 የለም፣ 41 አንድ፣ እሱም እኔ ገመዱን በእግሬ ስመታው ነው።

ወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ማንኳኳት ጀምሯል። ልጆቹ ድሮ ሲጠፋባቸው የጮሁትን ያህል አሁን ሲያንኳኳ "ሴቭ! ሴቭ!" እያሉ ይጮሃሉ።

ብሪጇን የሚፈልግ አለ? በነፃ።

ፒያሳ 24 · ደሴ · 1፡52

ለእኔ። እህቴ ማበጠሪያ ጠፍቶባታል።